እጅ ላይ መቀመጥን የምታስተምረው ሴት

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ባለው ትምህርት ቤታችን እጃቸው ላይ ተቀምጠው ደመወዝ የሚበሉ ሴቶች አሉ። ለሐሜት አይደለም የምናገረው፤ ሐሜቱንማ ሰፈሩ ከእኔ በፊት ጠግቦታል። ሴቶቹ መዳፋቸውን ከጭናቸው ሥር ከተው፣ አንድ ሕፃን ከጫማው ክር ጋር ሲታገል ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ። ሥራቸው ነው። ይህን ሥራ ያስተማረቻቸው አዴ ቀለሟ ናት። እኔን ኑሪያን፣ የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋን ደግሞ፣ ሳልጠይቃት አብራ አስተምራኛለች።

አዴ የምንለው እዚህ ነቀምቴ ለተከበረች ሴት ሁሉ ነው። የቀለሟ ዕድሜ ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ነው፤ አንቱ ሲሏት ግን ታኮርፋለች። "አንቱ ስትይኝ ወገቤን ያመኛል" ትለኛለች። ስለዚህ አንቺ እላታለሁ። እናቴ ይህን ብትሰማ ከወሎ ይዛው በመጣችው ሥርዓት ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ ነበር።

ቀለሟ ገጠር ያለው የኑኑ ቁምባ ወረዳ ልጅ ናት። አባቷ ወንጌላዊ ነበሩ። የእሑዱን ስብከት ቅዳሜ ማታ ቤት ውስጥ ይለማመዱ ስለነበር፣ ከልጆቻቸው ሁሉ እስከ መጨረሻው ነቅታ የምታዳምጠው እሷ ብቻ ነበረች ይባላል። ያለችው ራሷ ናት፤ ወንድሞቿና እህቶቿ አልተጠየቁም። መምህርነት ተምራ ገጠር ስትመደብ ዘጠና የሚጠጋ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ጠበቃት። "ዘጠና ልጅ ስታስተምሪ የምታስተምሪው አንቺ አይደለሽም፤ እግዜር ነው። አንቺ በሩን ትዘጊለታለሽ" ትላለች። በኋላ ዋቅወያን አግብታ ወደ ነቀምቴ መጣች።

ዋቅወያ ባጃጅ ይነዳል። የቀለሟ ትምህርት ሁሉ የተጀመረውም እዚያ ባጃጅ ውስጥ ነው። አንድ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ "መንዳት አስተምረኝ" አለችው። ዋቅወያ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን እጁ ላይ ነው ያለው። ጎኗ ተጣብቆ ተቀመጠና፣ እሷ መሪውን ስትይዝ እሱም ያዘ። ወደ ቀኝ ስታዞር ወደ ግራ መለሰባት። "አይዞሽ፣ አብሬሽ ነኝ" ይላታል። እውነትም አብሯት ነበርና ከገበያው በታች ያለው ቦይ ውስጥ አብረው ገቡ። የሽንኩርት ነጋዴዎች እየሳቁ ጎትተው አወጧቸው። ቀለሟ ከቀሚሷ ላይ ጭቃውን እያራገፈች "ሁለት ሰው የያዘው መሪ ቦይ ይገባል" አለች። ይህን አባባሏን ባጃጅ ነጂዎቹ እስከ ዛሬ ይቀባበሉታል።

በማግስቱ ዋቅወያን ከኋላ አስቀመጠችውና "እጅህ ላይ ተቀመጥ" አለችው። ተቀመጠ። ክረምቱ ሳያልቅ ቀለሟ ብቻዋን መንዳት ቻለች። ዋቅወያ ይህን ሲያወራ እጆቹን እያሻሸ ነው። "ደርሼ መሪውን ላለመንጠቅ የታገልኩትን ያህል ከሰው ጋር ታግዬ አላውቅም" ይላል።

እንግዲህ በከተማው ትምህርት ቤቶች በታችኞቹ ክፍሎች እጁ ወይም እግሩ ለማይታዘዝለት፣ መስማት ወይም ማየት ለሚያስቸግረው ልጅ የክፍል ረዳት ይመደብ ተባለ። በመምህራን ስብሰባ ላይ ረዳቶቹን ማን ያሠልጥን ሲባል ቀለሟ እጇን አወጣች። የዚያን ቀን እጇ ላይ አልተቀመጠችም። ዋቅወያ ሲሰማ ሳቀ፤ እሱ የሚያውቀው ረዳት ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጮኸውን ነው።

የእኛ ሥልጠና ቅዳሜ ጠዋት በቤተ መጻሕፍታችን ነበር። እኔ የሄድኩት ለክፍሌ የምትመደበውን ረዳት አስቀድሜ ለማየት ነው። ሻይና ሳምቡሳ አለ መባሉንም አልጠላሁትም። ወጣት ሴቶች ክፍሉን ሞልተውታል፤ አብዛኞቹ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው ቤት የተቀመጡ ናቸው። ቀለሟ ገባች። "አካም ቡልተኒ" ብላ የእያንዳንዳቸውን እናት፣ የእያንዳንዳቸውን ቤት ደኅንነት ጠየቀች። ሰላምታው ራሱ ግማሽ ሥልጠና ሆነ። ከዚያ ከቦርሳዋ ፔርሙዝ አወጣችና፣ ቀኝ እጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ በግራ እጇ ብቻ ክዳኑን ትታገለው ጀመር።

ክዳኑ እምቢ አለ። በጉልበቶቿ መካከል አጣበቀችው፤ ተንሸራተተ። በብብቷ ያዘችው፤ ዞረ።

ጉድ የፈላው ያኔ ነው። ክፍሉ በሙሉ ግር ብሎ ተነሣ። እኔም ተነሣሁ። ኦሮሞው ሳፉ ይለዋል፣ አማራው ነውር ይለዋል፤ በእኛ አገር ታላቅ ሰው ሲቸገር ቁጭ ብሎ የሚያይ የለም። አንዷ ክዳኑን፣ ሌላዋ እጀታውን፣ ሦስተኛዋ የቀለሟን ክንድ ያዘች። ፔርሙዙ ወደቀ፣ ሻዩ በሙሉ ሳምቡሳው ላይ ፈሰሰ።

ቀለሟ የራሰውን ሳምቡሳ አንሥታ አየችው። "ገለቶማ፣ እናመሰግናለን" አለች። "ሻዬን ደፋችሁልኝ። ልከፍተው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር እኮ።"

ከዚያ በኋላ የተናገረችው ብዙ አልነበረም። "ዓይን፣ አፍ፣ እጅ" አለች። "መጀመሪያ በዓይናችሁ እርዱት፤ እንደምታዩት ልጁ ይወቅ። ካልሆነለት በአፋችሁ፣ ያውም በአንዲት ቃል። እጅ መጨረሻ ነው። እሱም ከክርኑ ሥር ነው የሚደገፈው፣ ጣቱን አይያዝም። እጃችሁ አላስቀምጥ ካላችሁ ደግሞ እናንተ ተቀመጡበት። ጎበዝ ረዳት ማለት ሥራዋ ዕለት ዕለት እያነሰ የሚሄድ ናት።"

"ሥራችን ካለቀ ታዲያ ሊያባርሩን አይደል?" አለች አንዷ ከኋላ።

"ሌላ ልጅ ይመጣላችኋል። ነቀምቴ ውስጥ ምን ያልቃል ብትሉኝ ልጅ አልላችሁም" አለች ቀለሟ። ሳቅ ሆነ፣ ሳምቡሳውም እንደራሰ ተበላ።

ለእኔ የደረሰችኝ ረዳት ሊሊሴ ናት። በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች፤ ክፍል ውስጥም ሳታውቀው ታንጎራጉራለች። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባላል። ሊሊሴ ንፍጡን ትጠርጋለች፣ እንባውን ትጠርጋለች፣ ጊዜ ካገኘች ሰሌዳዬንም ትጠርጋለች። በልቧ ስፋት ላይ ክርክር የለኝም።

የተመደበችው ለሜቲ ነው። ሜቲ ሰባት ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ይደክማሉ፤ አንደበቷ ግን ድካም የሚባል አያውቅም። በሰፈሯ የሚያልፉትን ባጃጆች ከነጂዎቻቸው ስም ጋር ትነግርሃለች፤ የማን ጎማ እንደተነፈሰም ትጨምርልሃለች። ሊሊሴ ቦርሳዋን ትከፍትላታለች፣ ዳቦዋን ቆርሳ ታጎርሳታለች። መጻፍ ሲመጣ ሜቲ ክንዷን ትዘረጋለች፣ ሊሊሴ እጇን በእጇ ትይዛለች፣ ፊደሉ አምሮ ይጻፋል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። በአንደኛ ክፍል አንድ የማያለቅስ ልጅ ማግኘት እንደ በረከት ነው።

አባቷ ኦቦ ጉደታ በርና መስኮት የሚሠሩ አናጢ ናቸው። ጠዋት አቅፈው ያመጧታል፣ ሲለቀቁ አቅፈው ይወስዷታል። ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት ሜቲን ካስገቡ በኋላ በሩ ላይ ቆዩ። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ እያቀላቀልን ነበር የምናወራው።

"መምህርት፣ ትናንት ጣውላ ላይ ስምሽን ጻፊ ብዬ ጠመኔ ሰጠኋት" አሉኝ።

"ጻፈች?"

"ክንዷን ዘረጋችና ዝም አለች።" የራሳቸውን ክንድ ወደፊት ዘርግተው አሳዩኝ። "ለካ የሚይዝላት ሰው እየጠበቀች ነው። መሸ፣ እሷ ክንዷን እንደዘረጋች ናት።"

ዞሬ ክፍል ውስጥ ያለችውን ሜቲን አየኋት። 

"የወላጆች ቀን እስኪያልፍ ትቆይ" አሉ። "ከዚያ በኋላ ኑኑ ቁምባ ወደ እናቴ እወስዳታለሁ። እዚያ ቢያንስ ወተት አለ። ያልቻለችውን ቻልሽ የሚላት የለም።"

"ትምህርቷስ?"

"ትምህርት ቤቱ ከእናቴ ቤት ሩቅ ነው። ማን አዝሎ ያደርሳታል?" አሉና ሄዱ።

በዚያው ታበቃለች ማለት ነው። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ፣ ያውም ከእኔ ይልቅ ቀልጣፋ ምላስ ያላት ልጅ፣ እድሜዋን ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ወተት ልትጠጣ ነው።  ስልኬን አንሥቼ ቀለሟ ዘንድ ደወልኩ።

በማግስቱ ባጃጁን ከባሏ ነጥቃ መጣች። ከክፍሉ ኋላ ተቀምጣ እስከ ዕረፍት ድረስ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ሊሊሴን አየች። ደወል ሲደወል ጠራቻት።

"ሊሊሴ፣ ሜቲ ዛሬ ምን ሠራች?"

"ቦርሳዋን ከፈትን፣ እስከ አሥር ድረስ ጻፍን፣ ዳቦዋን..."

"አንቺ የሠራሽውን አይደለም የጠየቅኩሽ።"

ሊሊሴ አለቀሰች። "ታዲያ ልጅ ስትቸገር እያየሁ እጄን ልሰብስብ? እናቴ እንዲህ ሆኜ ብታየኝ ምን ትለኛለች? ጭካኔ አይደለም እንዴ አዴ?"

እኔ ደግሞ ሰው ሲያለቅስ ማየት አልችልም፤ ነደደኝ። "ማሠልጠን ማለት ማስለቀስ ነው እንዴ? ልጅቷ ሌት ተቀን ለፍታ ይኼ ነው ምስጋናዋ?" አልኩ።

ቀለሟ አልተቆጣችም። "ኑሪያ፣ አንቺም ቁጭ በይ። እጅሽ ላይ" አለችኝ። ወላሂ ተቀመጥኩ። ወደ ሊሊሴ ዞረች። "መርዳትሽን ተዪ አላልኩሽም። ዘግየት ብለሽ እርጃት ነው ያልኩሽ። ላንቺ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለዚያ ነው እኔ ያለሁት። ረዳትንም የሚረዳት ያስፈልጋታል።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ረቡዕ ረቡዕ ልጆቹ ሲወጡ ትመጣለች። ፔርሙዟን ትከፍታለች፣ በሁለት እጇ፤ ለሊሊሴ ሻይ ትቀዳለች፤ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። "ዛሬ ምን አልሠራሽም?"

በመጀመሪያው ረቡዕ ሊሊሴ ያልሠራችው ነገር አልነበረም። ሜቲ ቦርሳዋን የሚከፍትላት ስታጣ ጣሪያው እስኪነቃነቅ "ሊሊሴ! ሊሊሴ!" እያለች ጮኻ ነበር፤ ሊሊሴም እጇ ላይ ተቀምጣ መዝሙር እያንጎራጎረች ትንሽ ቆየችና ተሸነፈች። ቀለሟ ሰማች፣ ሻይ ጨመረችላት፣ "ኦብሲ፣ ታገሺ" ብላት ሄደች። ሌላ ነገር አላለችም።

በሁለተኛው ረቡዕ ሊሊሴ "ቦርሳውን አልከፈትኩም" አለች።

"ማን ከፈተው?"

"ሜቲ። በጥርሷ።"

"በጥርሷ!" ቀለሟ ጠረጴዛውን መታችው፤ ሎተሪ የደረሳት ነው የምትመስለው። "ከዚያስ?"

ከዚያማ ሜቲ ሊሊሴን ትኩር ብላ አይታ "እጅሽ ታመመ እንዴ?" አለቻት። ሊሊሴ ደንግጣ "አዎ፣ ትንሽ" አለች። ሜቲም የሊሊሴን ምሳ ዕቃ ወደ ራሷ ሳበች፤ በደካማው ክንዷ ደረቷ ላይ አጣብቃ በግራ እጇ ታገለችው፤ ክፍሉ ሁሉ መብላት ትቶ እሷን እያየ ክዳኑን ከፈተችና "በይ ብዪ" አለቻት። ቀለሟ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "ውሸት ባይሆን ኖሮ ሥልጠናው ውስጥ አስገባው ነበር" አለች።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ከመብላት በፊት ልጆቹ በተራ አንዱ ሌላውን እያስታጠበ እጃቸውን ይታጠባሉ። ጆግ አለ፣ ሳፋ አለ፤ አንዱ ያፈስሳል፣ አንዱ ይይዛል። ሜቲ ተራ ውስጥ ገብታ አታውቅም ነበር። ከምሳ ዕቃው ጀብድ በኋላ ግን "እኔም ላስታጥብ" አለች። ሊሊሴ ወደ እኔ አየች፣ እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። በግራ እጇ የጆጉን እጀታ ጨበጠች፣ ቀኝ ክንዷን ከሥሩ እንደ መደርደሪያ አደረገችው። የዚያን ቀን ከእጅ ይልቅ የታጠበው ካልሲ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ጥር ሲገባ ካልሲው በግማሽ ቀነሰ።

ሰፈር ግን በአጥር በኩል የሚያየውን ያያል። "ሽባዋን ልጅ ውሃ እያሸከመች ረዳቷ ቁጭ ብላለች" ተባለ። ወሬው ርዕሰ መምህራችን አቶ ገብረክርስቶስ ጆሮ ገባ። አቶ ገብረክርስቶስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው እንጂ። የወላጆች ቀን ሊደርስ ሲል ሦስታችንን ጠሩን።

በእኛ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ልጆቹ ዘምረው ሲጨርሱ ለወላጆች ጩምቦ ይቀርባል። ወፍራም የጤፍ ቂጣ በቅቤና በአይብ ርሶ ነው፤ እጅ ሳይታጠቡ አይጠጉትም። እጅ የሚያስታጥቡት የአንደኛ ክፍል ልጆች ናቸው። የታጠበ ሁሉ ያስታጠበውን ልጅ "ጉደዹ" ብሎ ይመርቃል፤ እደግ፣ እደጊ ማለት ነው።

"ሜቲ ጥሩ ልብስ ለብሳ ከፊት ትቀመጥልኝ" አሉ አቶ ገብረክርስቶስ።

"ሜቲ ታስታጥባለች" አለች ቀለሟ።

"ብትደፋስ?"

"ውሃ ነው፣ ዘይት አይደለ።"

"እንግዳ አለብኝ አዴ ቀለሟ! ይሁን፣ ሊሊሴ ጆጉን አብራት ትያዝላት።"

"አቶ ገብረክርስቶስ፣ እኔን ከቦይ ሲያወጡኝ እርስዎ እዚያ አልነበሩም?"

ነበሩ። ሳቃቸው አመለጣቸው፣ ፈቀዱም።

ከቢሮ ስንወጣ ግን ቀለሟ አልሳቀችም። "ኑሪያ፣ ሰው ሁሉ ፊት ከደፋችው ጉደታ በዚያው ይዟት ይሄዳል" አለችኝ። "ካልሞከረች ደግሞ ያለጥርጥር ይሄዳል።" ድምጿ ውስጥ ፍርሃት የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "አብሽሪ" አልኳት። እኔም ፈርቼ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ወላጆች በግቢው ዙሪያ በረጅም አግዳሚ ወንበሮች ተቀመጡ። ልጆቹ ዘመሩ፣ አንዱ ግጥሙን ረስቶ ወደ እናቱ ሮጠ፣ ተጨበጨበለት። ሊሊሴ፣ ቀለሟና እኔ ግድግዳው ሥር አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረናል፤ ስድስት መዳፍ ከጭን ሥር። ሜቲ ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። ጓደኛዋ ሐሴት ሳፋውን ያዘች፣ ሜቲ ጆጉን በክንዷ ደገፈች፣ ጀመሩ።

የመጀመሪያዋ ወላጅ ታጠቡና "ጉደዹ" አሉ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ታጠቡ። ከዚያ አቶ ገብረክርስቶስ ጋ ደረሰች፤ ጆጉ ዘመም አለና ውሃው ጉልበታቸው ላይ ተንዠቀዠቀ። ዓይናቸውን ጨፍነው "ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም" አሉ። ግቢው ሳቀ፣ ሜቲም ሳቀች። ሱሪያቸው እስኪደርቅ ንግግራቸውን ተቀምጠው አደረጉ። ሐሴት ጆጉን ሄዳ ሞላችው፣ ሜቲ ቀጠለች።

ኦቦ ጉደታ ከመጨረሻው ጠርዝ ላይ ነበሩ። ሜቲ እሳቸው ጋ ስትደርስ ክንዷ ዝሎ ነበር። ከሩቅ ይታየኛል፤ ጆጉ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ። ጉደታ እጃቸውን ከሳፋው ላይ አንሥተው ጆጉን ሊቀበሏት ዘረጉ።

እኔ ሊሊሴ ትነሣለች ብዬ እሷን እያየሁ ነበር። ብድግ ያለችው ግን ቀለሟ ናት! ወለጋን ሙሉ ቁጭ በሉ ስትል የኖረችው ሴት ጫማዋ እስኪወልቅ ተስፈንጥራ ተነሣች። ሊሊሴ ቀሚሷን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተቻት።

"ኦብሲ አዴ! እጅሽ!"

ቀለሟ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፣ እጇንም ወደ ቦታው መለሰች።

ሜቲ ጆጉን ከአባቷ እጅ ወደ ኋላ አሸሸችው። "አባ፣ ሀርከ ኬሰን ዺቀዻ!" አለች። እጅዎን ይታጠቡ ማለቷ ነው። ያለችው ይኸው ነው፤ ለወላጅ ሁሉ ስትለው የዋለችው ቃል ነው።

የጉደታ እጆች ቀስ ብለው ወደ ሳፋው ወረዱ። ሜቲ ጆጉን ክንዷ ላይ አሳርፋ ትንፋሿን ሰበሰበችና ዘመም አደረገችው። ውሃው ቀጥኖ ቀጥኖ መዳፋቸው ላይ ወረደ። ታጠቡ። ታጥበው እንደገና ታጠቡ። ሲጨርሱ ምርቃት ይጠበቅባቸዋል። እርጥብ መዳፋቸውን አናቷ ላይ አሳረፉ። "ጉደዹ" አሉ በመጨረሻ፤ "ጉደዹ፣ ልጄ።" እኔ በግላጭ አለቀስኩ። ቀለሟም አለቀሰች፤ እጇ ላይ ስለተቀመጠች የሚጠርገው አጥቶ እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። ሊሊሴ ብቻ ፈገግ እንዳለች ነበር።

ሜቲ ጆጉን አግዳሚው ላይ አስቀመጠችና ክንዷን ወደ አባቷ ዘረጋች። ጉደታ ፊታቸው ተለወጠ። ያ ጣውላ፣ ያ የተዘረጋ ክንድ እንደታወሳቸው አወቅሁ።

"ምን ልያዝልሽ?" አሏት ዝቅ ብለው።

"ምንም አይያዙልኝ" አለች ሜቲ። "ያስታጠበ ሰው መጨረሻ ላይ ይታጠባል። ያፍስሱልኝ።"

አፈሰሱላት።

ወደ ቤት ስንመለስ ቀለሟ እየነዳች፣ እኔ፣ ሜቲና ኦቦ ጉደታ ከኋላ ነበርን። ጩምቦው አጥግቦናል፤ ሜቲ የሚያልፉትን ባጃጆች በየስማቸው ትጠራለች። እኔ መታገሥ አቃተኝ።

"ኦቦ ጉደታ፣ ኑኑ ቁምባስ?"

 "እናቴ ትምጣ" አሉ። "እጇን የምታስታጥባት ልጅ ነቀምቴ አለችላት።"

ቤታቸው ደጃፍ ደረስን። በዳር በኩል የተቀመጠችው ሜቲ ናት። ጉደታ እንደ ሁልጊዜው አቅፈው ሊያወርዷት ሁለት እጃቸውን ወደ ብብቷ ሰደዱ። ከዚያ እጃቸውን መለሱ። ወዲያና ወዲህ ካሉ በኋላ መዳፋቸውን ከጭናቸው ሥር ከተቱ። ሜቲ በግራ እጇ ብረቱን ጨበጠች፣ ደካማውን እግሯን ወደ መሬት ላከችው፣ አልደረሰም፣ መለሰችው፣ እንደገና ላከችው። ቀለሟ በመስታወቱ አየቻቸውና ሞተሩን አጠፋችው። የሚያስቸኩለን ነገር አልነበረም።